ጤናችን፤ ቁርጥማትና የደም ምርመራው ወረቀት



በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ አንድ ወጣት አንባቢያችን በላከልን ደብዳቤ፣ ታላቅ እኅቱ ጧት ከመኝታዋ ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ እያሏት የቡና ሲኒ ለመያዝ እንኳ እንደምትቸገር ገልጦልናል። ቤተ ሰቡ ብርድ ነው ብሎ በቅቤ ሲያሻት ቈየ። በመጨረሻ ደሟ ተመርምሮ «ሩማቶይድ ፋክተር የለም» የሚል ወረቀት በመጣ ጊዜ ሁሉም ተመስገን ብሎ ሕክምናውን ተወው። እኛን ያሳሰበን ይኸው መተው ነው።

በአገራችን መገጣጠሚያ የሚያመውን ሁሉ ቁርጥማት ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ግን ከብርድ የሚመጣ አይደለም፤ የሽማግሌዎች በሽታ ብቻም አይደለም። በደማችን ውስጥ ተሕዋስያንን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ዘበኛ አለ። በዚህ በሽታ ዘበኛው ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ይደበድባል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ያብጣል፤ ሳይታከም ከቈየ አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል።

ነገሩ የተገለጠው በበግ ደም መሆኑ ያስገርማል። ኖርዌያዊው ኤሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ጽሑፍ፣ የጥንቸል አንቲቦዲ የለበሰ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ከበሽተኛ የደም ውሃ ጋር ሲገናኝ ተያይዞ እንደሚጓጉል አስረዳ። በበሽተኛው ደም ውስጥ ሌላውን አንቲቦዲ የሚይዝ አንቲቦዲ ነበረ ማለት ነው፤ ዘበኛ ዘበኛን ሲይዝ! በ1948 ደግሞ በኒው ዮርክ ሐሪ ሮዝና ባልደረቦቹ ይህንኑ አገኙ። ምርመራው በሁለቱ ስም ተጠራ።

ሆኖም ይህ ፋክተር ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ከ10 በሽተኞች በ7 ወይም በ8 ያህሉ ይገኛል፤ በቀሩት አይገኝም። በአንጻሩ በሳንባ ነቀርሳ፣ በካላዛር፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ አንዳንዴም በጤነኛ ሽማግሌ ደም ውስጥ ይታያል።

ከእርሱ ይልቅ የሚታመነው ፀረ ሲሲፒ የተባለው ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1998 እንዳሳዩት፣ በፕሮቲን ውስጥ ያለው አርጂኒን ወደ ሲትሩሊን ሲለወጥ የበሽተኛው አንቲቦዲ ለውጡን ለይቶ ይይዘዋል። በሌላ በሽታ ይህ እምብዛም አይታይም። በዚያው አገር ቀድሞ ደም ለግሰው ኋላ የታመሙ ሰዎች የተቀመጠ ደማቸው ሲመረመር፣ ከነዚህ አንቲቦዲዎች አንዱ ወይም ሁለቱ በግማሽ ያህሉ ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ተገኙ፤ በአንዳንዱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ! ሲጋራ ማጨስም ለዚህ በር ከሚከፍቱት አንዱ ነው። (ሲጋራ ይዞ ፈተና የሚያጠና ተማሪ ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብበው።)

እንግዲህ ወዳጃችን፣ የእኅትዎ ወረቀት በሽታው የለም አላለም፤ አንዱ ምልክት አልተገኘም አለ እንጂ። ጧት ጣቶቿ እስኪፍታቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ትያዝ። ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ ሳትዘገይ ተመልሳ እጆቿን ራሳቸውን ለሐኪም ታሳይ። ሜቶትሬክሴት ቢታዘዝላት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነውና በየቀኑ እንዳትውጠው፤ ለማርገዝ የምታስብ ከሆነም አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገረው።