ማጥፋትና ማብራት ጥገና አይደለም

ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ ቀጥ ብሎ ሲቀር ጀሞ ውስጥ ፍርዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «መብራቱ ነው» ይባላል። ከዚያ አጥፍቶ ማብራት ይከተላል፤ ከተነሣ ነገሩ ተረሳ። እኛ ተማሪዎችም ከዚህ ልማድ አልወጣንም። መብራቱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እዚሁ ጀሞ በምንኖርበት ቤት ያለው ባለሁለት ፕሮሰሰር አሮጌ ዎርክስቴሽን ሊኑክስ ሲሠራበት በየጥቂት ሰዓቱ ይወድቅ ነበር። እኛም መብራቱን ከሰስን። በኋላ ግን ከርነሉ ባንድ ፕሮሰሰር ብቻ እንዲነሣ ብናዘው፣ ሳምንት ሙሉ ሳይወድቅ ሠራ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዱ ሲያርፍ ሙቀቱም የኃይል ፍጆታውም ይቀንሳልና። ስለዚህ ሜሞሪውን ፈተሽን፤ ፕሮሰሰሮቹንም እያፈራረቅን ለየብቻ አሠራን። ሁሉም ደኅና ነበር። በመጨረሻ የውድቀቱን መልእክት በየጊዜው ከስክሪኑ ገልብጠን ስናስተያይ፣ ሁሉም ወደ አንድ አሮጌ ድራይቨር አመለከተ። እርሱን አውጥተን ሁለቱን ፕሮሰሰሮች ብናሠራ ውድቀቱ ቆመ።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ጠባይ እንዲህ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ መዝገብ ላይ 100 ብር የሚለውን ባንድ ጊዜ አንብበው እያንዳንዳቸው 10 ቢጨምሩ፣ 120 መሆን የሚገባው 110 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ መዝገቡ መቈለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሊኑክስ 2.0 ከርነሉን በሙሉ በአንድ ትልቅ ቁልፍ ይጠብቅ ነበር። ይህ ቁልፍ በትናንሽ ቁልፎች ተተክቶ ጨርሶ የወጣው በ2011 በ2.6.39 ነው። ዐዋቂዎቹ 15 ዓመት የደከሙበትን ነገር እኛ በአንድ ማብሪያ ልንፈታው መመኘታችን ያስተዛዝባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት በስክሪኑ ላይ ያለውን መልእክት ገልብጡ፤ ስታጠፉት ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። መምህሮቻችንም ማርክ የምትሰጡት ለሚሠራ ፕሮግራም ብቻ አይሁን፤ የአንድን ውድቀት ምክንያት ፈልጎ ላገኘ ተማሪም ይሰጠው። አሮጌዎቹ ዎርክስቴሽኖችም ከላቦራቶሪ ወጥተው ከመጣላቸው በፊት ለዚህ ትምህርት እንዲውሉ እንጠይቃለን።