ቤት ያፈረሰው ደብዳቤው አይደለም

«በትራጄዲ ውስጥ ቤተሰብን የሚያፈርሰው ተንኮለኛው ነው።» ይህን መልስ ስንት ተማሪ ጽፎልኛል መሰላችሁ! ኦቴሎን ያጠፋው ያጎ፣ ግሎስተርን ያጠፋው ኤድመንድ ነው ይባላል። እኔ ግን አልስማማም። ተንኮለኛውማ ሥራውን ሠራ። ጥያቄው የቤቱ ሰው ለምን እንደዚያ ቶሎ አመነው የሚለው ነው።

እስቲ «ንጉሥ ሊር»ን እንይ። ኤድመንድ ወንድሙ ኤድጋር አባቱን ሊያጠፋ እንዳሰበ የሚያስመስል የሐሰት ደብዳቤ ያዘጋጃል። አባትየው ግሎስተር ያነብና እጅ ጽሑፉ የኤድጋር መሆኑን ይጠይቃል። ማንን? ራሱን ኤድመንድን! ኤድጋርን ግን ጠርቶ አንድም ቃል አልጠየቀውም። ከሃዲ ብሎ ያሳድደው ጀመር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰልን ኦቴሎም ያው ነው። ማስረጃ የሚጠይቀው ያጎን ነው። ወደ ዴዝዴሞና ሲመጣ በልቡ ፈርዶ ጨርሷል፤ ስለዚህ ጥያቄው ስድብ ሆነ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ከሼክስፒርም ይቀድማል። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ዓመት አቴንስ ላይ ባቀረበው «ሂፖሊተስ»፣ አባት የሞተች ሚስቱ የተወችውን ጽሑፍ አንብቦ ልጁን ይረግማል። ልጁ ደርሶ ሲከራከር እርግማኑ ከአፍ ወጥቷል።

«ማስረጃ ነበራቸው እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ወረቀትም መሐረብም ነበረ። ግን መተማመን ማለት ጭራሽ አለመጠርጠር አይመስለኝም። የጠረጠሩትን ነገር ከሁሉ በፊት ለተጠረጠረው ሰው ይዞ መሄድ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። ግሎስተር እውነቱን የሚሰማው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ያሳደደው ልጅ ማንነቱን ደብቆ እየመራው ይሄዳል፤ ማንነቱን ሲገልጥለት የሽማግሌው ልብ ደስታና ሐዘኑን አንድ ላይ መሸከም አቅቶት ይሞታል። ሂፖሊተስም አባቱን ይቅር ብሎ ይሞታል። አያችሁ፣ ይቅርታ አልጠፋም። የጠፋው ጊዜ ነው።

ዛሬ ደብዳቤው ስክሪንሾት ሆኗል። ሦስተኛ ሰው በላከው አንድ ምስል ወንድምና እህት ለዓመታት ሲኮራረፉ እናያለን። ስልኩ እኮ እጃችን ላይ ነው! ከማስተላለፋችሁ በፊት ደውሉ፤ «ይህን ብለሃል?» በሉት። ምናልባት ብሎ ይሆናል። ቢያንስ ከራሱ አፍ ትሰማላችሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጥፋቱ የጻፈው ነው ወይስ ሳይጠይቅ ያመነው?