እባካችሁ እግሯን ፍቱላት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዶሮ እግር ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በበዓል ሰሞን ገበያ ወጥታችሁ እዩ። ዶሮዎቹ ሁለት እግራቸው በሲባጎ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር ተጠፍሮ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቀው በዱላ ላይ፣ በባጃጅ ጎን፣ በመኪና ፖርቶመጋላ ላይ ነው የሚመጡት። ገዢውም እንደታሰሩ ወስዶ ቤቱ ጥግ ላይ ያስቀምጣቸዋል። አንዳንዷ ሁለት ሦስት ቀን እንዲሁ ትከርማለች።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ያ ቅርፊት የለበሰው የዶሮ እግር ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንትና የደም ሥር ነው። ቀጭን ክር ሲጠብቅበት ደም ወደ ጣቶቿ በደንብ አይደርስም። እግሯ ያብጣል፣ ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፣ በመጨረሻም ደርቀው ይወድቃሉ።

አምና አንዲት ጎረቤታችን ለእንቁላል ብለው ቄብ ገዙ። ክሩ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ፣ እግሯ አብጦ መቆም አቅቷት ነበር። ሰው ሁሉ "ሳትሞት እረዷት" አላቸው። እሳቸው እምቢ ስላሉ አብረን አስታመምናት። ክሩን በትንሽ መቀስ ቀስ ብለን ቆረጥን። እግሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል እየዘፈዘፍን አጠብን፣ አደረቅን፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳናጠብቅ ጠቀለልን። ሌሎቹ ዶሮዎች ቁስል ካዩ በመንቆራቸው ያደሙታልና ለብቻዋ ደረቅ ጭድ ላይ አስቀመጥናት፤ ውሃና ጥሬዋንም አጠገቧ። የጠቆረውን ጣት አልጎተትንም፣ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ዛሬ ታነክሳለች፤ ግን ትጭራለች፣ እንቁላልም ትጥላለች።

አንድ ነገር አደራ፦ የሰው ካፕሱል ፈታችሁ ውሃዋ ውስጥ አትጨምሩ። ቁስሉ ከመገለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። መድኃኒት ከታዘዘላትም ሥጋዋና እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ። ሁለቱም እግሯ ጠቁሮ መቆምም መብላትም ካቃታት ደግሞ ማቆየቱ ማሰቃየት ነው፤ ቶሎ ማሳረፍ ይሻላል።

"ለምትታረድ ዶሮ ምን አስጨነቀህ?" የሚለኝ አይጠፋም። መታረዱ እኮ የአንድ አፍታ ነገር ነው፤ እስራቱ ግን የሦስት ቀን ነው። የምትታረድ ስለሆነች እስክትታረድ ትሰቃይ ያለው ማነው? ደግሞ ሁሉም አይታረዱም። ለእንቁላል የተገዛችው ጣቷን ስታጣ የሚከስረው ያችን ገንዘብ ቆጥቦ የገዛት ሰው ነው። ልጆቻችንም ያያሉ። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ርኅራኄ እናስተምራለን፤ ቤት ሲገቡ የሚያዩት ጥግ ላይ የተጠፈረች ዶሮ ነው።

"ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" ይባላል። ዛሬ መጫኛው ቀርቶ ሲባጎ ሆኗል፤ ቀጭን ስለሆነ የባሰ ይቆርጣል።

ቀላል ነው እኮ። ገበያ ስትሄዱ ቅርጫት ወይም አየር እንዲያስገባ የተበሳ ካርቶን ያዙ። ማሰር ግድ ከሆነ ሰፋ ያለ ጨርቅ ተጠቀሙ፣ አላልታችሁ እሰሩ። ዘቅዝቃችሁ አትያዟት፣ እቀፏት። ገዢው ከጠየቀ ሻጩም ይለምዳል። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ገና ቡና ሳይፈላ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ መጀመሪያ እግሯን ፍቱላት።