የሚያብለጨልጭ ክሩስኮት

ያረጀ መኪና ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ስማኝ። የአጎቴ ላዳ ክሩስኮት በሐዋሳ ፀሐይ ነጥቶ ስላስከፋቸው፣ እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት። የብርሃን ነጸብራቅ የማስተምረው እኔም «እንዴት አማረ!» አልሁ። በማግስቱ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ነጸብራቁ የፊቱን መስተዋት ሞልቶ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ጋረደብን፤ ለጥቂት ዳነ።

ፋብሪካው ክሩስኮትን ሻካራ አድርጎ የሚሠራው በከንቱ አይደለም፤ ሻካራ ገጽ ብርሃንን ይበትናል። ስለዚህ ቅባቱን በሳሙና አጥቦ፣ በስሱ ብቻ ፍቆ፣ ለፕላስቲክ የሚስማማ መነሻ ቀለም መቀባት ነው። ከዚያ የማያብለጨልጭ ቀለም ከራቅ ብሎ በስሱ ቢረጩት፣ ጠብታው ገና በአየር ላይ ሳለ መድረቅ ስለሚጀምር ሻካራነቱ ይመለሳል።

አጎቴም እንደገና ሠሩት። አሁን አያብረቀርቅም፤ መንገዱ ግን ይታያል።