«ፎርማት ይደረግ!» የሚሉት መድኃኒት

ውድ ዋጋ የተከፈለበት ሶፍትዌር አንድ ቀን ድንገት «ፈቃዱ ለዚህ ኮምፒዩተር አይደለም» ሲል በየመሥሪያ ቤታችንና በየዩኒቨርሲቲያችን የሚሰጠው ትእዛዝ አንድና አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!»። ለመሆኑ ፈቃዱ ከምን ጋር እንደታሰረ ማን ጠየቀ?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያወጣ ፈቃድን ከኮምፒዩተሩ የአካል ክፍሎች ጋር አቆራኘ። ዛሬም ቢሆን የተቃጠለ ማዘርቦርድ ሲተካ ዊንዶውስ ባለቤቱን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል። ማትላብ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ለአንድ ማሽን የሚሰጠውን ፈቃድ የሚያስረው ከሲ ድራይቭ መለያ ቁጥር ጋር ነው። ይህ ቁጥር ፋብሪካ የቀረጸው አይደለም፤ ዲስኩ ፎርማት በተደረገ ቁጥር አዲስ ይወጣል። እንግዲህ ፍረዱ! ያድናል የተባለው ፎርማት ራሱ ፈቃዱን ይገድላል ማለት ነው። አንዳንዴማ ጥፋተኛዋ የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ብቻ ናት፤ እርሷ ሞታ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ፈቃድ ማሽኑን ቢጠራጠር ምን ይገርማል? (ቀኑን ማየት ከፎርማት በፊት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።)

«ክራክ ጭነን እንገላገል» የሚሉ ወገኖች አሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ተርታ አስቀምጦታል፤ ተማሪን ስርቆት እያስተማርን ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ልንሰብክ አንችልም። ይሁን እንጂ የእነርሱ ምሬት መሠረት የለውም አልልም። የተሰረቀው ቅጂ መቆጣጠሪያው ተነቅሎ ስለሚወጣ ማንንም አይጠይቅም። በየጊዜው ማንነቱን አስመስክር የሚባለው ገንዘቡን የከፈለው ነው። ይህ ዓይን ያወጣ ግፍ ነው!

ግፉ ግን ከሻጩ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የዊንዶውስን ዲጂታል ፈቃድ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ፣ ማዘርቦርዱ ሲቀየርም በዚያው ለማስመለስ መሞከር ተችሏል። ማትላብንም ከፎርማት በፊት ከአሮጌው ማሽን ማላቀቅ ይቻላል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ፈቃዱን በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ያስመዘግቡና ሰውየው ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። የግዥ ውሉ ስለ ዋጋና ስለ ርክክብ ገጽ ሙሉ ይጽፋል፤ ማሽኑ ቢሞት ፈቃዱ ወደ ሌላ ይዛወር እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለውም። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የማትሪክስ ልምምድ ነፃው ጂኤንዩ ኦክታቭ እንደሚበቃ የሚጠይቅ የግዥ ኮሚቴም እስካሁን አልገጠመኝም።