ቁልፉ ሳይጠፋ ቁልፍ አንቀይር

እንደሚታወቀው በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ላለን ተማሪዎች ፋይልን ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር ማመሳሰል የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ግማሹ ሥራ አዳማ ላብ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ለዕረፍት ሻሸመኔ ወይም ባቱ ቤተሰብ ዘንድ ተሂዶ ይሠራል። ያለ ማመሳሰያ ፕሮግራም የትኛው ፋይል አዲሱ እንደሆነ መለየት እንኳ ይቸግራል። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሲስተም አፕግሬድ በተደረገ ማግስት ስለሚመጣ አንድ ችግርና ስለሚሰጠው የችኮላ መፍትሔ ነው።

ትናንት ሲሠራ የዋለው አርሲንክ ዛሬ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ቁጭ ይላል። ወዲያው የሚሰማው ምክር «ቁልፉ ተበላሽቷል፣ አዲስ ፍጠር» የሚል ነው። በበኩሌ በዚህ አልስማማም። በብዙ አጋጣሚ ቁልፉ አልተበላሸም፣ አልጠፋምም፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አርሲንክ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ ያወጡት ፕሮግራም ሲሆን፣ ከፋይሉ ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበትና መብራት ለሚጠፋበት አገር ከዚህ የተሻለ ምን አለ! በሩን የሚከፍትለት ግን ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን በ1995 የሠራው ኤስኤስኤች ነው። ኤስኤስኤች የግል ቁልፋችንን የሚፈልገው በሆም ፎልደራችን ውስጥ፣ በስሙ በተሰየመው ድብቅ ፎልደር ነው። ችግሩ «ሆም የቱ ነው?» የሚለው ላይ ነው።

የእኛን አካባቢ ከተሞች አስቡ። አዳማ ናዝሬት ናት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ። የሚኒባስ ረዳት በየትኛውም ስም ብትጠሩለት ያደርሳችኋል። ኮምፒዩተር ግን እንደ ረዳቱ አይደለም። ኦፕንኤስኤስኤች በሊኑክስም ሆነ በሲግዊን ላይ ሆሙን የሚያውቀው በአካውንቱ መዝገብ ከሰፈረው አድራሻ ነው፤ «ሆም» የሚለውን ቫሪያብል ብንቀይርለት አይሰማንም። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ከ2018 ወዲህ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ኤስኤስኤች የሚያየው «ዩዘርስ» ውስጥ በስማችን የተከፈተውን ፎልደር ነው። በሲግዊን ላይ የተመሠረተ ማመሳሰያ ይዞት የሚመጣው የራሱ ኤስኤስኤች ግን ሌላ ቦታ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ አፕግሬዱ የምንጠራውን ኤስኤስኤች ወይም የመዝገቡን አድራሻ ከለወጠ፣ ቁልፉ አንድ ቤት፣ ፈላጊው ሌላ ቤት ይሆናሉ። በሱዶ የታዘዘ አርሲንክም እንዲሁ ነው፤ የእናንተን ትቶ የሩትን ፎልደር ይፈትሻል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማመሳሰያው በሚሠራበት በዚያው አካውንት፣ በዚያው ኤስኤስኤች፣ «ዳሽ ቪ» ጨምሮ ማዘዝ ነው። «አይደንቲቲ ፋይል» የሚሉት መስመሮች የት የት እንደፈለገ አንድ በአንድ ይናገራሉ። መስመሩ «ታይፕ ኔጌቲቭ 1» ብሎ ካለቀ ብዙውን ጊዜ እዚያ ቦታ አላገኘውም ማለት ነው። ከዚያ ትክክለኛውን ቦታ በ«ዳሽ አይ» ወይም በኮንፊግ ፋይሉ መንገር ይበቃል። ፐርሚሽኑንም ማየት ያስፈልጋል፤ ፎልደሩ 700፣ የግል ቁልፉ 600። «777 አድርገውና ይለቅሃል» የሚባለው ነገር ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ኤስኤስኤች ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ቁልፍ አይቀበልም።

በእርግጥ ቁልፉ ራሱ ያረጀበት ጊዜም አለ። ኦፕንኤስኤስኤች በ2015 ዲኤስኤ የሚባለውን የቁልፍ ዓይነት ሳይታዘዝ እንዳይቀበል አደረገ፣ በ2025 ደግሞ ጨርሶ አስወገደው። እንዲህ ሲሆን አዲስ መፍጠር ግድ ነው። ግን ይህም የሚታወቀው መጀመሪያ ሲጠየቅ ነው።

«አዲስ ቁልፍ መፍጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚሉ አሉ። መፍጠሩስ ደቂቃ ነው። ሰርቨሩ በፓስወርድ የማያስገባ ከሆነ ግን አዲሱን ማን ያስመዘግብልናል? አድሚኑ እስኪመጣ ውጭ መቆም ነው፣ ያውም የማስረከቢያው ቀን ደርሶ። ከዚያም በላይ አሮጌው ቁልፍ ከሰርቨሩ ዝርዝር ካልተሰረዘ በር ከፍቶ እንደመተው ነው። ቁልፉ ላብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ላይ ቀርቶ ከሆነስ?

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የላብ ማሽኖች ከመታደሳቸው በፊት ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ ተማሪው ቁልፉ የት እንዳለ ጽፎ ይያዝ፣ ቅጂውንም በፓስፍሬዝ ቆልፎ ያስቀምጥ። በኔትወርክ ላብ ማኑዋሉም ቁልፍ አፈጣጠር ብቻ ሳይሆን የጠፋ የመሰለውን ቁልፍ አፈላለግም አንድ ገጽ ይሰጠው። አንድ ገጽ ብቻ! ነገ ሥራ ዓለም ስንገባ የሚጠብቁን ሰርቨሮች የሌላ ሰው ንብረት ናቸውና፣ ከመቀየር በፊት መጠየቅን እዚሁ ብንለምደው መልካም ነው እላለሁ።