የሒሳብ መዝገብ ቁልፍ፤ ከውጭ መዋስ ወይስ በራስ መሥራት?

የምዕራብ ሸዋ ነጋዴ ሀብቱን ሲጠብቅ የኖረው በሁለት ነገር ነው፤ በመጋዘኑ ቁልፍና በሒሳብ ደብተሩ። ዛሬ ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር በመግባት ላይ ነው። ከጉደር ሽንኩርት የሚጭነው፣ በባኮ በቆሎና በርበሬ የሚሰበስበው፣ በጊንጪና በጌዶ ሱቅ ከፍቶ የሚቸረችረው፣ ባምቦ ተቀምጦ ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣው፣ ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ/ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መቀበልንና መክፈልን እየለመደ ሄዷል። የዱቤውና የዕቃው መዝገብም ቀስ በቀስ እርሱ በዓይኑ አይቶት በማያውቀው ሰርቨር ላይ መቀመጥ ጀምሯል። እንግዲህ የዚህ መዝገብ ቁልፍ በማን እጅ እንደ ተሠራ መጠየቅ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

አንድ ትልቅ ሰርቨር እንደ ሰፊ መጋዘን ይቈጠራል። ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ሶፍትዌር ያንን መጋዘን በግድግዳ ከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች ያድላል፤ ተከራዩም ሁሉ ለየራሱ ሙሉ ኮምፒዩተር እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ኪራዩ የሚረክሰውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ግድግዳው የሳሳ፣ ቁልፉም የተበላሸ እንደ ሆነ ያንዱ ዕቃ ለሌላው ይጋለጣል። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ዘወትር የሚከራከሩበት ጥያቄ አለ፤ ምስጢር የሚጠብቀውን ክፍል ሌሎች ካዘጋጁት ይዋሱ ወይስ ራሳቸው እንደ አዲስ ይጻፉት?

በራስ መሥራትን የሚደግፉት ወገኖች ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ በሌላ ሰው ሥራ ላይ የቆመ ቤት የሌላውንም ጉድለት ይወርሳል። በመጋቢት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ኤክስ ዜድ በተባለው፣ በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ስውር በር ተገኘ። በሩን ያስገባው ሰው ሁለት ዓመት ያህል በመልካም ረዳትነት ሲሠራ አመኔታ ያተረፈ ነበር። ተንኰሉን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ የጠረጠረውም ወደ ኮምፒዩተሩ መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለ ዘገየበት ነው። ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሆኖም ሥራው ለሁሉ ክፍት ባይሆን ኖሮ ማንም ውጭ ያለ ሰው ከፍቶ ሊመረምረው እንደማይችል መዘንጋት አይገባም።

በሌላው በኩል ብቻውን የሚሠራ ሰው ስሕተቱን የሚያይለት አያገኝም። ደቢያን የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚያዘጋጁት ሰዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ከውጭ የተዋሱትን የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ቁልፍ በራሳቸው አስተያየት ጥቂት ለወጡት። በዚህ የተነሣ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ሊፈጠር የሚችለው ምስጢር ወደ 32 ሺህ ገደማ ወረደ፤ ይህም ሌባ አንድ በአንድ ሞክሮ ሊጨርሰው የሚችል ቍጥር ነው። ጉድለቱ እስከ ግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። የለወጡትም ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ የምስጢር ቁልፍ ሥራ ግን ሲበላሽ ድምፅ አያሰማም።

ማይክሮሶፍት በ2021 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ ቲ ፒ ኤም የሚባል የምስጢር ማኅደር በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዲገኝ ደነገገ። ስለዚህ የቨርቹዋላይዜሽን ሠሪዎች ማኅደሩን በሶፍትዌር ማቅረብ ግድ ሆነባቸው። ኪው ኢ ኤም ዩም ሆነ የኦራክል ቨርቹዋል ቦክስ የየራሳቸውን ከመጻፍ ይልቅ ሊብ ቲ ፒ ኤም ኤስ በተባለው የጋራ ሥራ ላይ ቆሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. በቲ ፒ ኤም 2.0 ዋና ናሙና ላይ ሁለት ጉድለቶች ሲገለጡ የጋራው ሥራ ታረመ፤ እርማቱም በእርሱ ለሚሠሩ ሁሉ ተዳረሰ። ናሙናውን ቀድቶ ለብቻው የተለየ ሠሪ ቢኖር ግን ጉድለቱን ራሱ ፈልጎ ማረም ነበረበት።

ነገር ግን መዋስ ማለት ተውሶ መርሳት አይደለም። በየካቲት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ወንበዴዎች ቪ ኤም ዌር ኢ ኤስ ኤክስ አይ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠሩ ብዙ ሺህ ሰርቨሮችን ቈልፈው ገንዘብ ጠየቁ። የፈረንሳይ የኮምፒዩተር ደኅንነት ክፍል በጊዜው እንዳመለከተው፣ የገቡት ኦፕን ኤስ ኤል ፒ በተባለ የውሰት ክፍል ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም። የዚያ ቀዳዳ መድፈኛ ከታደለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር! ጥፋቱ ከመዋሱ ይልቅ ጠባቂ ባለማቆሙ ላይ ነው።

ያገራችንም ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለት ፋይዳ፣ የቆመው በሕንድ አገር በባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሥራ ላይ ነው። ኢትዮጵያ መሠረቱን ከሌሎች አገሮች ጋር ተካፍላ ሥራውን በራሷ ባለሙያዎች ማካሄድን መረጠች። ምርጫው ትክክለኛ ነው፤ ፍሬው የሚጸናው ግን ባለሙያዎቹ የተዋሱትን ጠንቅቀው እስካወቁና በጊዜው እስካደሱ ድረስ ነው።

ካምቦ እስከ ባኮ ያለው ነጋዴም ከዚህ የሚማረው አለው። «ቁልፉን ሁሉ እኛው ሠራነው» እያለ የሚመካ ሶፍትዌር ሻጭ ቢመጣ፣ ማን መረመረው ብሎ መጠየቅ ይገባል። «ከውጭ የመጣ ነውና አታስቡ» የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ መድፈኛ በወጣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ እንደሚገባ በውል ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ/ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ባገሪቱ ተቋርጦ ሳምንታት መቆየቱ ስለሚታወስም፣ የመዝገቡ ግልባጭ በነጋዴው እጅ መኖር አለበት።

አንድ ባለ ሱቅ ለዚህ ሁሉ ባለሙያ ልቅጠር ቢል አቅሙ አይፈቅድለትም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያምቦና የአካባቢው ከተሞች ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት አዋጥተው፣ ካምቦ ዩኒቨርሲቲ ከሚመረቁት ወጣቶች መካከል አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ቢያቆሙ፣ ውሉን የሚያነብ፣ መድፈኛውን የሚከታተል፣ ግልባጩን የሚፈትን ሰው ያገኛሉ። ቁልፍ መዋስ ነውር አይደለም፤ የተዋሱትን ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ማጣት ግን ሀብትን በደጅ እንደ ማሳደር ነው።